የወንድሜ ሚስት እስከ አርባ ምንጭ

ወንድሜ ሽማግሌ የላከው የቅርብ ጓደኛዬ ቤት ነው። ይህን አስቀድሜ ተናግሬ ልገላገል፤ ያንን የአርባ ምንጭ ጉዞ ያመጣው እሱ ነውና።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔና እሷ ፒያሳ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስቶች ነበርን። ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው፤ ምሳ የምንበላው ከአንድ ሳህን ነው፤ አለቃችን አንዳችንን ሊቆጣ ሲመጣ ሁለታችንንም ተቆጥቶ ይሄዳል። እኔ የእሪ በከንቱ ልጅ ነኝ። የእሷ ቤተሰቦች ደግሞ ከትግራይ መጥተው፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ዝቅ ብሎ ጨርቅ እየነገዱ የኖሩ ናቸው። እቤቷ በትግርኛ ትቆጣለች፣ ውጪ በአማርኛ ትቀልዳለች። እኔም ብሆን አራዳ ተወልጄ አፌ አይያዝም፤ ከእሷ ጋር ግን አልወዳደርም። ማታ ከሥራ ስንወጣ ቀኑን ሙሉ ያናደዷትን ሰዎች አንድ በአንድ እያነሳች እስከ ድልድዩ ድረስ ታማቸዋለች። እናቷንም አትምርም። ያቺን አጭር መንገድ ከደመወዜ ቀን አስበልጬ እወዳት ነበር።

ወንድሜ በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። አምስት ኪሎ አካባቢ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ዝምተኛ ነው፤ አይጠጣም፤ ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል። ጓደኛዬ እኛ ቤት ስትመጣ እንደ ምንም ብሎ ከክፍሉ ወጥቶ ሰላም ይላትና ተመልሶ ይገባል። ይህ ሁሉ ምን እንደሆነ የገባን አንድ እሑድ ለእናቴ «ሽማግሌ ላኩልኝ» ሲላት ነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ከመካከላቸው ዋና ተናጋሪው የቀበሌያችን ጸሐፊ ናቸው፤ ቀን ማኅተም ይመታሉ፣ እሑድ እሑድ ሰው ያጋባሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። የጓደኛዬ አባት በወጉ ተቀበሏቸው። «ልጅቷንም እንጠይቅ» ብለው የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡ። ጓደኛዬ ግን ለአባቷም ለእኔም እሺም እምቢም አላለችም። ስለ ሁሉ ነገር የምታወራ ልጅ ስለዚህ ጉዳይ ብቻ አፏን ዘጋች። እናቴ ጭንቅ ያዛት። «ምን ዓይነት ጓደኛ ነሽ? አንድ ቃል ማውጣት አቃተሽ?» ትለኛለች ጠዋት ማታ። እኔም ከልቤ ፈልጌው ነበር። ጓደኛዬ እኛ ቤት ልትገባ፣ ልጆቿ አክስታችን ሊሉኝ፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

በዚያ ሰሞን ነው ጊዮርጊስ አጠገብ ሁለት ፈረንጅ ሴቶች ያየነው። ያን ጊዜ ከተማው የሚያውቀው ፈረንጅ ወይ ሩሲያዊ ነው ወይ ምሥራቅ ጀርመናዊ፤ እሱም በመኪና ያልፋል እንጂ በእግሩ አይታይም። እነዚህ ግን ግማሽ ቁመታቸውን የሚያህል ቦርሳ ከጀርባቸው አውርደው፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ብርቱካን ይልጣሉ። ጫማቸው አቧራ ለብሷል። ፊታቸው በፀሐይ ተቃጥሏል። ጓደኛዬ ቆማ አየቻቸው፤ እኔ እጇን ብጎትታትም አልሄደችም።

«እነዚህ ከዚያ ድረስ መጥተው የኛን ሀገር ያዳርሳሉ፤ እኛ ከቃሊቲ ወዲያ ምን እንዳለ አናውቅም» አለችኝ። ትንሽ ሄድ ካልን በኋላ ደግሞ «የዓመት ፈቃዳችንን አንድ ላይ እንውሰድና እንደነሱ እንሂድ» አለች።

«የት?»

«ሙዝ ከነዛፉ የሚታይበት።»

አርባ ምንጭ ማለቷ ነው። አርባ ምንጭ ደግሞ የእናቴ የአክስት ልጅ ትኖር ስለነበር ለጉዞው ምክንያት ተገኘ። እናቴን ለማስፈቀድ ብዙ ወሬ አዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ግን ሳልጨርስ ፈቀደች። «ሂዱ። ስትመለሺ እሺታዋን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። የጓደኛዬ አባትም አልከለከሉም። ልጃቸው ብቻዋን ብትሄድ ነውር ነው፤ ሽማግሌ ከላከው ሰው እህት ጋር ስትሄድ ግን እንደ ሥነ ሥርዓት ተቆጠረ።

ቦርሳ ከየት እናምጣ? ከድልድዩ በታች የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋ ሰውዬ ነበር። በእጃችንም በአፋችንም ስንገልጽለት ቆየን። ሰምቶን ሲያበቃ «አንቀልባ ነው የምትሉኝ?» አለ። የሰፋልንም አንቀልባ የሚመስል ነገር ነው፤ ማሰሪያው ደረት ላይ ይቋጠራል፣ ሸራው የናፍጣ ሽታ አልለቀቀም። አዝለነው ወደ ፒያሳ ስንወጣ አንድ ሊስትሮ «እናቶች፣ ልጆቹ አንቀላፉ?» አለን። ጓደኛዬ «የአንተን ድምፅ ሰምተው ነው የደነገጡት» ብላው አለፈች።

የቀረን የይለፍ ወረቀት ነው። ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ ማኅተም ያለበት ወረቀት ያስፈልጋል፤ እሱን ያልያዘ ሰው ከመጀመሪያው ኬላ ይመለሳል። የእኔን ለማጻፍ ቀበሌ ሄድኩ፤ የጓደኛዬንም አብረው ይጽፉልኝ ዘንድ ጸሐፊውን ጠየቅኋቸው።

«እሷ የኛ ነዋሪ አይደለችም። ከራሷ ቀበሌ ታምጣ» አሉኝ።

«የእነሱ ሊቀመንበር ለስብሰባ ሄደዋል። መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም፤ ፈቃዳችን ደግሞ ሰኞ ይጀምራል።»

መነጽራቸውን አውልቀው አሰቡ። ከዚያ ፈገግ አሉና ብዕራቸውን አነሱ። የጻፉት ይኸው ነው፦ የቀበሌያችን ነዋሪ የሆኑት ጓድ እከሊትና የወንድማቸው ባለቤት ጓድ እከሊት ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አርባ ምንጭ ስለሚጓዙ በየኬላው ትብብር እንዲደረግላቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ገና ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሽማግሌውም እኔ፣ ጸሐፊውም እኔ። መሆኑ አይቀርም» ብለው ማኅተሙን እፍ አሉበትና አሳረፉት። ጓደኛዬን የቀበሌው ሰው ለማድረግ ከመዳር ሌላ መንገድ አልታያቸውም።

መቃወም ነበረብኝ። አልተቃወምኩም። እውነቱን ለመናገር ጽሑፉን ሳየው ደስ አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩና ለጓደኛዬ «ተሳክቷል» ብቻ አልኳት።

ቃሊቲ ኬላ ላይ አንድ ወታደር አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ ወረቀት መሰብሰብ ጀመረ። የእኛን ከፍቶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበና ቀና አለ።

«የወንድም ባለቤት የትኛዋ ናት?»

ጓደኛዬ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። እኔ በመስኮት ወደ ውጪ አየሁ። ከውጪ ከአንዲት አህያ በስተቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። «እሷ ናት» አልኩ አህያዋን እያየሁ።

«ባልሽስ?»

«ሥራ ላይ ነው፣ ጓድ» አለች ጓደኛዬ። ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

እስከ ሞጆ አላናገረችኝም። ከጎናችን የተቀመጡት የሶዶ ሴትዮ ግን ወታደሩ ያለውን ሰምተው ኖሮ ዝም ሊሉ አልቻሉም። እንቁላል በቅርጫት ይዘዋል፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር ቅርጫቱን ከፍ አድርገው ያንጠለጥሉታል።

«ካገባሽ ስንት ጊዜሽ ነው፣ ልጄ?» አሏት።

ጓደኛዬ ትንሽ አሰበችና «ስድስት ወሬ ነው» አለች።

«አመሉ እንዴት ነው?»

«አመሉስ ደህና ነው። ሸሚዙን እንኳ ራሱ ይተኩሳል።»

«ታዲያ ምን ጎደለው?»

«እህቱ» አለች በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች።

ሴትዮዋ ቅርጫታቸውን እስኪረሱ ሳቁ። ከዚያ እኔ እየሰማሁ ምክር ጀመሩ። የባል እህት ስትናገር መስማት፣ ስትቆጣ ዝም ማለት፣ ስትመጣ መነሳት። «የባልሽን ጉድ ግን ለእሷ እንዳታወሪ። ስታማው ስሚያት፤ አንቺ ስታሚው ጠላት ትሆንሻለች» አሏት። ጓደኛዬ በጥሞና አዳመጠቻቸው። እኔ ልስቅ ዳዳኝ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ትለኝ ጀመር። ሻሸመኔ ባደርንበት አልጋ ቤት «እትዬ፣ እርስዎ ከግድግዳው በኩል ይተኙ» ትላለች። ለእጅ ውሃ ታቀርብልኛለች። ቦርሳዬን ቀድማኝ ታነሳለች። የአልጋ ቤቷ ባለቤት አይታ «እንዲህ ያለች ምራት ዛሬ የት ትገኛለች» አለችኝ፤ እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ግን ሰው ሲነሳልህና ውሃ ሲያቀርብልህ ለመልመድ ብዙ ቀን አይፈጅም። እኔ አንድ ቀን ብቻ ነው የፈጀብኝ።

በማግሥቱ አዋሳ ሄደን ሐይቁ ዳር አሣ በላን። በጣታችን፣ አጥንቱን ወደ ውሃው እየወረወርን፣ ቦርሳችንን ተደግፈን። ያን ቀን እነዚያ ፈረንጆች ለምን አቧራ ለብሰው ደስተኛ እንደሆኑ ገባኝ። አንድ ጀልባ ቀዛፊ ልጅ መጥቶ ሐይቁን ላዙራችሁ አለን። ጓደኛዬ ዋና ይችል እንደሆነ፣ ጀልባው ስንት ጊዜ እንደሰጠመ፣ የሞተ ሰው ካለ ስሙን እንዲነግራት እየጠየቀች ታስቀው ጀመር። ልጁ መቅዘፊያውን ጥሎ ሳቀ። እኔ ተነሳሁ።

«ነይ ወዲህ። ሰው ምን ይላል?»

«የቱ ሰው?»

አዋሳ ውስጥ የሚያውቀን ፍጥረት የለም። እሷ ግን ቦርሳዋን አዘለችና ተከተለችኝ። ጀልባው ያለ እኛ ሄደ፤ እኔም እስከዛሬ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሄጄ አላውቅም።

አርባ ምንጭ የደረስነው ሙቀቱ ከመንገዱ በሚነሳበት ሰዓት ነው። ከላይ ሆነው ሲያዩት ሁለት ሐይቅ ጎን ለጎን ተኝቷል፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ የሻይ መልክ። የሙዝ ቅጠል እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ጓደኛዬ እያንዳንዱን ዛፍ እየነካች ስትሄድ ዘመዴ ቤት ለመድረስ የወሰደብን ጊዜ አይነገርም።

ዘመዴ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ፈጣን፣ ደግ፣ ትእዛዝ የምትወድ። እናቴ በደብዳቤ ምን እንደጻፈችላት አላውቅም፤ ደጃፉ ላይ ጓደኛዬን አቅፋ «ምራታችን» አለቻት። እኔን ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ለእሷ ሽርጥ ሰጠቻትና ወደ ማድ ቤት ይዛት ገባች። ስድስት ዓመት ከአንድ ሳህን አብራኝ የበላች ልጅ ያን ምሽት ቆማ ወጥ ጨመረችልኝ። ተነሽ አብረን እንብላ ማለት እችል ነበር። ወጡ ጥሩ ነበር፤ በላሁ።

በነጋታው ምንጮቹን ልናይ ወደ ጫካው ወረድን። ውሃው ከየድንጋዩ ሥር ይፈልቃል፤ ከላይ ዛፎቹ ስለተጋጠሙ ፀሐይ የሚገባው በነጠብጣብ ነው። ጦጣዎች ይከተሉናል። ጓደኛዬ አራት ማንጎ በላች፤ ጭማቂው እስከ ክርኗ ወረደ። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ፣ ጉርድ ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ሰብስባ ውሃው ውስጥ ቆመች። ሙዝ የጫነ አህያ የሚነዱ ሰዎች በዚያ ያልፋሉ።

«ጉርድሽን ዝቅ አድርጊ፤ ሰው እያለፈ ነው» አልኳት።

«እሺ» አለችና አወረደችው። ጫፉ ውሃው ውስጥ ገባ።

ከእሷ አፍ ለእኔ እሺ ወጥቶ አያውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሳዛት የምትመልስልኝ «ባላደርግስ» ወይም «አንቺ ማነሽ» ወይም ከዚህ የባሰ ነው። ቀልዱ እስኪመጣ ጠበቅሁ። አልመጣም። ያኔ ነው ከአዋሳ ጀምሮ ማንንም አለማማቷን ልብ ያልኩት። ዘመዴ ያን ያህል ሥራ ጭናባት፣ እኔ ያን ያህል ተኮፍሼባት፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ፈራሁ። ኬላ ላይ እንኳ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

«ወረቀቱን አይቼው ነበር» አልኳት። «ገና ቀበሌ እያለሁ አንብቤዋለሁ። ዝም ያልኩት ደስ ስላለኝ ነው።»

«አውቃለሁ። አንቺ በመስኮት የምታዪው ስትዋሺ ብቻ ነው።»

«ተናደሽብኛል?»

«መጀመሪያ በጣም። በኋላ ግን ልሞክረው አልኩ። ወንድምሽን ባገባው እንዴት ያለች ሴት እንደምሆን ልየው ብዬ ነው እትዬ ስልሽ የመጣሁት።»

«እና?»

ወደ ዳር ወጥታ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ወንድምሽ ደህና ሰው ነው» አለች። «የሌላ ሰው ወንድም ቢሆን ዛሬውኑ አገባው ነበር። ግን እሱን ካገባሁ፣ ሲያናድደኝ ለማን ልናገር ነው?»

«ለእኔ ነዋ።»

«ላንቺማ አልነግርሽም። ወንድምሽ ነው፤ ትፈርጂብኛለሽ። በውሸቱ እንኳ አራት ቀን ሳይሞላሽ ጉርዴን አስወረድሽኝ። አሁን እሺ ስልሽ በልቤ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? ለዚች ሴትዮ ከእንግዲህ ምንም አልነግራትም አልኩ።» ወደ እኔ ዞረች። «ባል ይገኛል። አንቺን ከየት ላመጣ ነው?»

አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ኀዘን ብቻ አይደለም። ይህን ያህል የሚፈልገኝ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር፤ ሳላውቅ ደግሞ ለእናቴ እሺታዋን ላስረክብ ይዣት መጥቼ ነበር። እሷም አለቀሰች። በዚህ መሃል አንዲት ጦጣ የዳቦ ቆሎ ከረጢታችንን አንስታ ዛፍ ላይ ወጣች። ጓደኛዬ እንባዋን ሳትጠርግ ብድግ ብላ በትግርኛ የምታውቀውን ስድብ ሁሉ አወረደችባት። ጦጣዋ እያየቻት በላች። ያን ጊዜ ሳቃችን ተነሳ፤ ለማቆም ብዙ ሞክረን አልቆመም። ጉርዷን ከቅድሙ አብልጣ ሰበሰበች። እኔም ሰበሰብኩና ገባሁ።

የቀሩትን ቀናት እንደ ሁለት ፈረንጅ ዞርን። ዘመዴ ቤት ሁለታችንም ማድ ቤት ገብተን ሁለታችንም ከአንድ ሳህን በላን፤ ዘመዴ ምራቷ እንደተበላሸች ነግራኝ ለእናቴ እንደምትጽፍ አስጠነቀቀችኝ። ስንመለስ በየኬላው ወረቀቱ ያው ነው። ወታደሩ የወንድም ባለቤት የትኛዋ ናት ሲል ጓደኛዬ ቀድማኝ «እሷ ናት» እያለች ወደ እኔ ትጠቁማለች።

እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ጸሐፊው የቀጠሮው ቀን ስለደረሰ ሁለት ጊዜ መጥተው ጠይቀዋል።

«ምን አለች?»

መንገዱን ሙሉ ያሰብኩበት መልስ ነበረኝ። «እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እባክሽ አታግቢው ብዬ ለመንኳት» አልኳት። ሙሉ ውሸት አይደለም፤ ያን ቀን ብትጠይቀኝ የምለው እሱን ነበር። እናቴ እስከ ፍልሰታ አላናገረችኝም። ለወንድሜ ማታ ሸሚዙን ሲተኩስ ሁሉንም ነገርኩት። ካውያውን አቆመና «ከፍቶኛል» አለ። ሸሚዙን ሰቅሎ ደግሞ «ግን ሁለታችሁን አንድ ቤት ውስጥ ሳስባችሁ ትንሽ ፈርቼ ነበር» አለኝ። ያን ሌሊት ስለ እሱ አዝኜ ብዙ ቆየሁ።

በዓመቱ የሥራ ባልደረባውን አገባ። የወንድሜ ሚስት መልካም ሰው ናት። ስገባ ትነሳለች፤ ስናገር ትሰማለች፤ ስጠይቃት «ደህና ነን» ትላለች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስለ ወንድሜ አንድም ክፉ ቃል ነግራኝ አታውቅም።

ጓደኛዬ ከእሱ በኋላ በዓመቱ ነው ያገባችው፤ ባሏ መንገድ የሚቀይስ፣ ረጅም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ሠርጓ ባለፈ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሳትጠራ ክፍሌ ገባች። በሩን ዘጋች። ጫማዋን አወለቀች። አልጋዬ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠችና «ስሚኝማ፣ ይሄን ሰውዬ» ብላ ጀመረች። እኔ ትራሱን ለጀርባዬ አመቻቸሁ። እስኪመሽ ድረስ አወራችልኝ፤ ምንም አላስቀረችም።